ሙሽራዋ ሳትሰማ

መተማ ዮሐንስ ላይ ፎቶ ቤት ከከፈትሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ የማነሳው ተሻጋሪ ሰው ነበር፤ ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ወደ ገላባት ወጣ ገባ ለሚል ነጋዴ የይለፍ ወረቀት። ሠርግ ማንሳት የጀመርሁት ሰሊጥ ደህና ዋጋ ባወጣበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ የቆላው ባለሀብት ልጁን ሲድር ድንኳኑ ሜዳውን ሞልቶ እስከ ጉምሩኩ መንገድ ይደርስ ነበር። ከሱዳን በኩል ያሉ ሸሪኮቹ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው በእግራቸው ተሻግረው ይመጣሉ፤ በልተው፣ ጨፍረው፣ መሽቶባቸው ይመለሳሉ።

አሁን እንዲህ ያለ ሠርግ እዚህ የለም። ወዲያ ማዶ ጦርነት ነው፤ ወዲህ ደግሞ መንገዱ አይታመንም። ከአዲስ አበባ ዘመድ ጠርተህ «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ ሲጠይቅህ የምትመልሰው ነገር ታጣለህ። ስለዚህ አቅም ያለው ሰው እንግዳውን ወደ ቆላ ከመጥራት ይልቅ ሠርጉን ይዞ ይወጣል። ጣና ዳር ሎጅ ይከራያል፤ አበባው በማቀዝቀዣ መኪና ይመጣል፤ ነጭ ወንበር ሣር ላይ ይደረደራል፤ ጀልባ በነጭ ጨርቅ ይሸለማል። እኔንም ይዘውኝ ይወጣሉ። እዚያ ከእኔ የተሻሉ ባለ ካሜራዎች ሞልተዋል፤ ግን ልጃችንን የሚያውቃት ሰው ያንሳት ይላሉ።

እንዲህ ካነሳኋቸው ሙሽሮች ስለ አንዷ ነው የምጽፈው። ስምንተኛ ክፍል ስታልፍ ፎቶ ቤቴ መጥታ በእናቷ ነጠላ ተሸፍና የተነሳች ልጅ ናት። ኋላ ጎንደር ፋርማሲ ተምራ መጣችና እዚሁ ጤና ጣቢያችን መድኃኒት ታድል ጀመር። ወባ በያዘኝ ቁጥር መድኃኒቴን ከእርሷ እጅ ነበር የምቀበለው። ሳቂታ ነበረች፤ በሽተኛውን ሁሉ በሙያው ትጠራዋለች። እኔን «ፎቶ ቤት» ትለኝ ነበር፤ ሲያሳዝናት ወይም ቁም ነገር ሲኖራት ግን «ወንድምዓለም»።

አባቷ ኮኪት አጠገብ ሰፊ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ነበራቸው። በወጣትነታቸው ከደጋ የወረዱት ሳሉግ ሆነው ነው፤ ሳሉግ የምንለው ለአጨዳ ሰሞን የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ ነው። ወርደው በዚያው ቀሩ፤ መሬት ተከራዩ፤ ኋላ ትራክተር ገዙ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ፎቶ አይወዱም። በልጃቸው ምርቃት እንኳ ካሜራዬን ሳነሳ ዞር ብለው ከሰው ጋር ወሬ ይጀምሩ ነበር።

ሙሽራው ሰሊጥ ለመግዛት ከአዲስ አበባ ሲመላለስ ያገኛት ልጅ ነው። ቤተሰቡ ሰሊጥ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ሀብታም ነው። ሽማግሌ ልኮ ተፈቀደለት። ወንድ ወገን ግን ገና ከጅምሩ ወደ መተማ አንወርድም አሉ። አባቷ ቅር ብሏቸው እንደነበር አውቃለሁ፤ ልጃቸውን ከገዛ ደጃፋቸው መሸኘት ነበር ምኞታቸው። ሆኖም «ሰውን አስፈርቼ ምን ዓይነት ደስታ ነው» ብለው ተስማሙ። ጣና ዳር ይሁን ተባለ፤ ጥር ላይ።

ወደ ሐይቁ ከመውጣታችን በፊት እዚሁ ቤታቸው የሒና ቀን ነበር። ሒናውን የምትሠራው ጦርነቱን ሸሽታ ከካርቱም የመጣች ሴት ናት። በአገሯ ይህ ሥራዋ አልነበረም፤ አስተማሪ ነበረች ይላሉ። እዚህ ግን የሙሽራ እጅ እየሣለች ልጆቿን ታሳድጋለች። ሙሽራዋ እጇንና እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ፣ ሴቶቹ ዙሪያዋን እየዘፈኑ፣ እኔ ምንጣፉ ጥግ ተንበርክኬ ሳነሳ አባቷ ከእርሻ መጡ። አቧራቸውን እንኳ አላራገፉም። በሩ ላይ ቆመው የልጃቸውን እጅ ዝም ብለው ያያሉ።

«ጋሼ፣ አንዴ ከአጠገቧ ይቀመጡልኝ» አልኋቸው።

«እኔን ተወኝ» አሉ። «ሠርጉ ዕለት ሱፌን ለብሼ እመጣልሃለሁ። ያኔ እንደፈለግህ አድርገኝ።»

«አባየ፣ ሱፉ እኮ ይሰፋዎታል። ከስተዋል» አለች ሙሽራዋ።

«ሲሰፋኝ አልለብሰው ብለሽ ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። እርሳቸውም ፈገግ አሉ። ሒና የምትሠራው ሴት ቀና ብላ አይታቸው በዐረብኛ አንድ ነገር አለች፤ መርቃቸው መሰለኝ። አባትየውም ዐረብኛ ስለሚሰሙ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መለሱላትና ወጡ።

ወደ ሐይቁ የወጣነው በእጀባ ነው። ሙሽራዋ፣ እናቷ፣ አጎቷ፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ሚዜዎቿ፣ እኔም ጭምር። አባትየው ግን ቀሩ። የማሽላ መውቂያው ማሽን ተበላሽቶ ሰንብቶ ገና መጠገኑ ነበር፤ ክምሩ አውድማው ላይ ተከምሯል። ጥር ላይ ደግሞ የእሳት ነገር ያስፈራል፤ አንድ የሲጋራ ቁራጭ የዓመት ልፋት ይበላል። «ውቂያውን አስጀምሬ በሠርጉ ዕለት ጠዋት እደርሳለሁ» ብለው ሸኙን። መኪናው መስኮት ላይ ጎንበስ ብለው ለሚስታቸው አንድ ነገር ሲሉ አየሁ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ሠርጉ ዕለት ሎጁ ያምር ነበር። ያን ያህል አበባ በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም። ወንድ ወገን ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ሳይቀር አስመጥተዋል። ድሮንም ፈልገው ነበር፤ አይፈቀድም ተባሉ። እኔ በልቤ ደስ አለኝ፤ የእኛ ሰዎች ያ ድምፅ ከሰማይ ሲሰማ ምን እንደሚሆኑ አውቃለሁ።

ሙሽራዋ ቬሎዋን ለብሳ ስትጨርስ በመስታወት ውስጥ እያየችኝ «አባየ ደረሱ?» አለችኝ።

«ልጠይቅልሽ» ብዬ ወጣሁ።

ለራሴም ፈልጌያቸው ነበር። በእኛ ሥራ አባት ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ በቬሎ ሲያያት የምትነሳ ፎቶ አለች፤ ብዙ ጊዜ ከሠርጉ ሁሉ እርሷ ትበልጣለች። ቦታውን መርጬ ጨርሻለሁ፤ ሐይቁ ከኋላ፣ ትልቅ የሾላ ዛፍ ከጎን። ግቢውን ዞርሁ። በር ላይ ያለውን ጥበቃ ጠየቅሁ። ከመተማ የመጡትን ሰዎች ሁሉ ጠየቅሁ። አንዳንዶቹ ሳያዩኝ ይመልሱልኛል፤ ያን ጊዜ አልገባኝም። አጎቷን፣ የአባቷን ታናሽ ወንድም፣ ደጋግሜ ጠየቅሁት። በመጨረሻ ክንዴን ይዞ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ጄኔሬተሩ ያለበት ወሰደኝ። ጄኔሬተሩ ስለሚጮህ ጆሮዬ ድረስ ተጠጋ።

«ወንድሜን መጥራት ተው» አለኝ።

«ምነው? መንገድ ተዘጋ?»

«አይመጣም።» ፊቱን በውኃ ታጥቦ ነበር፤ የሸሚዙ አንገት ርሷል። «ጠዋት መኪናው ላይ ተኮሱበት። ሾፌሩ ተርፏል። እርሱ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ አረፈ።»

ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅም ካለ አይናገርም።

«ሽማግሌዎቹ ተቀምጠን ተነጋግረናል» አለ። «ሙሽራውም አባቱም ያውቃሉ። ይኸ ሁሉ ሰው መጥቷል። ዛሬ ከፈረሰ ይኸ ጋብቻ ተመልሶ አይቆምም። ሠርጉ ይለቅና ነገ ጠዋት እናረዳታለን።»

«እናትየዋስ?»

«እርሷም ነገ።»

ይኽ እንግዲህ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። መርዶ ጊዜ አለው፤ ቦታ አለው፤ የሚናገረው ሰውም ይመረጣል። በመንገድ ላለ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለፈተና ለተቀመጠ ልጅ ስንት ሞት እንደሚደበቅ ሁላችንም እናውቃለን። እኔም የገዛ እናቴን ሞት የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። ስለዚህ አልተከራከርሁም። ሽማግሌዎች የቆረጡትን እኔ ምን ብዬ እመልሰዋለሁ።

አጎትየው ግን አልጨረሰም። «አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለ። «ሬሳው ወደ መተማ ተመልሷል። በዚያ ሙቀት አይቆይም፤ ዛሬ ከሰዓት ይቀበራል። ለቅሶው ላይ የሚያዝ ፎቶ የለውም። ቤት ያለው የመታወቂያው ብቻ ነው፤ እርሱም ፊቱ ጠፍቷል። አንተ ዘንድ አይጠፋም ብለን ነው።»

ወደ ተሰጠኝ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ላፕቶፔን አልጋው ላይ ከፈትሁ። ውጭ ሳክስፎኑ ሲሞከር ይሰማኛል። የሒናውን ቀን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየሁ። አንዷ ላይ ሙሽራዋ እጇን ዘርግታ ከፊት ትስቃለች፤ ከኋላዋ በሩ ላይ እርሳቸው አሉ። እርሳቸውን ብዬ አልነበረም ያነሳሁት፤ ጥርት ብለውም አልወጡም። የአንድ ትከሻቸውን ጫፍ መቃኑ ሸፍኖታል፤ የሸሚዝ ኪሳቸው ላይ እስክሪብቶ አለ። ልጃቸውን እያዩ ፈገግ ሊሉ ነው፤ ገና አላሉም።

ፎቶውን ቆረጥሁት። መጀመሪያ ሙሽራዋን አወጣሁ። ሒና የተሣለበት እጇ ጫፍ ግን ደረታቸው ላይ ይቀር ነበርና እርሱንም በሸሚዙ ቀለም ሸፈንሁ። ብርሃኑን ከፍ አደረግሁ። አቧራውን ከፊታቸው ላጥፋ ብዬ ጀመርሁና ተውሁት። ሠላሳም ደቂቃ አልፈጀም መሰለኝ፤ የለመድሁት ሥራ ነው። ከዚያ ኔትወርኩ እስኪይዝልኝ መስኮቱ ሥር ቆሜ ለሚስቴ ላክሁላት። እኔ በሌለሁ ጊዜ ፎቶ ቤቱን የምትይዘው እርሷ ናት።

ደወለችልኝ። እርሷ ሰምታለች፤ ከተማው ሁሉ ሰምቷል።

«በትልቁ ላውጣው?» አለችኝ።

«በትልቁ። ጥቁር ክፈፍ አድርጊለት።»

«አሁን አንተ እንደት ብለህ ነው የምታነሳው?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኋት። ካሜራዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ሙሽራው በአጀብ ሊወስዳት ሲመጣ ሙሽራዋ የወላጆቿን ጉልበት የምትስምበት ሰዓት ደረሰ። ሁለት ወንበር ተዘጋጅቷል። በአንዱ እናቷ ተቀምጠዋል። ሌላው ባዶ ነው። አጎትየው ሄዶ ተቀመጠበት።

«አባየስ?» አለች ሙሽራዋ፤ ቆመች።

«መንገድ ዘግተውበት ነው፤ ለመልሱ ይደርሳል» አለ አጎቷ። «ዛሬ እኔ በአባትሽ ፋንታ ነኝ።»

አንዴ እናቷን አየች፣ አንዴ አጎቷን። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ተንበርክካ የአጎቷን ጉልበት ሳመች። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ሲመርቁ ድምፃቸው ከወትሮው ከፍ ያለ ነበር። እኔ ከፊታቸው ሆኜ አነሳለሁ፤ በሌንሱ ውስጥ የአጎትየው ጣቶች የልጅቷን ዓይነ ርግብ ጨምድደው ሲይዙ ይታየኛል። የዓይነ ርግቡ እጥፋት ሸፈነልኝ።

ቀጥሎ የቤተሰብ ፎቶ ነበር። ሣሩ ላይ አሰለፍኋቸው። ሙሽራዋና ሙሽራው መሀል ናቸው። በሙሽራዋ በኩል እናቷን ሳቆም፣ እጄ በልማድ በሁለቱ መካከል የአባት ቦታ ተወላቸው። እናትየዋ ክፍተቱን አዩት። ወፍራም፣ ደርባባ ሴት ናቸው፤ ያን ቀን ሙሉ ጥበብ ለብሰው ከወንበራቸው ብዙም አልተነሱም፤ ባላቸው ለምን እንደዘገዩ ማንንም አልጠየቁም።

«ቦታ አትተው» አሉኝ በቀስታ። «እንጠጋጋ።»

ተጠጉና የልጃቸውን ወገብ ያዙ። ዓይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። ያን ጊዜ ማንም ሳይነግራቸው እንዳወቁ ገባኝ። ምናልባት ጠዋት ስልክ ሲደወልና ሰው ፈቀቅ ብሎ ሲያወራ አይተው ይሆናል፤ ምናልባትም ባላቸው እንዲህ እንደማይዘገዩ ስለሚያውቁ ይሆናል። እኔ ደግሞ ከካሜራዬ ኋላ ሆኜ ሁልጊዜ የምለውን አልሁ። «ፈገግ በሉ፤ ሙሽራዋን እዩ፤ እንደገና።» ሁሉም ፈገግ አሉ። እናትየዋም ፈገግ አሉ።

ከምሳ በኋላ ጭፈራ ሆነ። የእኛ ሰዎች እስክስታ ሲመቱ የወንድ ወገን ቆሞ በስልክ ይቀርፃቸዋል። አንድ ሽማግሌ ከክቡ ወጥቶ የዛፉ ጥላ ሥር ሄደና ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተቀመጠ። አንዲት የወጥ ቤት ሴት ሮጣ ውኃ ወሰደችለት። ሙሽራዋ ከሩቅ አይታ «ደከመው» ብላ ሳቀች። ያ ሰዓት መተማ ላይ አባቷ የሚቀበሩበት ሰዓት ነበር። ሐይቁ ዳር ያለ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሰዓቱን እያየ እንደሚጨፍር አውቅ ነበር፤ እኔም አይ ነበርና።

ፀሐይ ስትቀላ ሁለቱን በጀልባ ይዤ ወጣሁ። ይህ ከመጀመሪያው በፕሮግራሙ የነበረ ነው፤ ወንድ ወገን ለዚህ ብርሃን ሲሉ ነው ሎጁን የመረጡት። ባለ ጀልባው ሞተሩን አጠፋ። ውኃው ረጋ ብሏል። ሙሽራዋ ጫማዋን አውልቃ በሒና የተሣለ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ሙሽራው አጠገቧ ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው፤ ያን ቀን ግን ከንፈሩ ደርቆ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ደጋግሜ ውኃ ጠጣ እለው ነበር።

«ወንድምዓለም» አለችኝ። «እውነቱን ንገረኝ። አባየ ታመዋል?»

ሙሽራው ጎንበስ አለ። ባለ ጀልባው ወደ ዳርቻው ያያል።

«መንገድ ነው» አልኋት። «አገሩን ታውቂው የለም?»

ትንሽ አሰበች። አመነችኝ። ለምን አታምነኝም፤ ዋሽቻት አላውቅም ነበር። «እንግዲያው ይኸችን ለአባየ አንሳልኝ» አለች። «ቀድሜ የማሳያቸው እርሷን ነው።» ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ሌንሱ አየችና በሒና ያጌጠ እጇን እያውለበለበች ሳቀች። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ አልሳቀችም ነበር። አነሳሁ። ደግሜም አነሳሁ። ብርሃኑ ቆንጆ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ ሙሽሮቹ ክፍል ሲሄዱ በመስኮቴ አየኋቸው። አንዱ ቄስ ነበሩ። ቀስ ብለው አንኳኩ። በሩ ተከፈተ፤ ገቡ። ከዚያ የሰማሁትን ድምፅ እዚህ አልጽፈውም። የሎጁ ሠራተኞች የትናንቱን ወንበር ይሰበስቡ ነበር፤ ያነሱትን እንደያዙ ቆሙ።

ወደ ቆላ ስንመለስ መኪኖቹ ላይ ሪባኑ ገና አልተፈታም ነበር። ከአይከል ወዲህ የሆነ ቦታ ቆመን ሾፌሮቹ እየበጠሱ ጣሉት። ሙሽራዋ የፊተኛው መኪና ውስጥ ናት፤ እናቷ አጠገቧ። ጥይቱ የተተኮሰበትን ቦታ ሾፌራችን ያውቀው ነበር፤ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨመረ። እኔ የጠበቅሁት አንድ ነገር ነበር፤ ምልክት፣ መስታወት፣ ደም። ምንም የለም። አንድ ሰው ፍየል እየነዳ መንገዱን ያቋርጥ ነበር።

የለቅሶው ድንኳን ቤታቸው ፊት ተተክሏል። መግቢያው ላይ የቆረጥሁት ፎቶ በጥቁር ክፈፍ ቆሟል፤ ሚስቴ በደንብ አውጥታዋለች። ሙሽራዋ ከመኪና ወርዳ እርሱን አየች። መቼ እንደተነሱ ወዲያው አወቀች። «ሒናዬ ዕለት ነው» አለች፤ «ይኸ ሒናዬ ዕለት ነው።» ኋላ መቃብሩ ጋ ወሰዷት። አፈሩን በእጇ ስትዘግን ፈቀቅ ብዬ አየሁ፤ ሒናው ገና አልደበዘዘም፤ አፈሩ ጥፍሯ ውስጥ ገብቷል። ካሜራዬን ቤት ትቼው ነበር የሄድሁት።

ባሏ እስከ አርባው አልቆየም፤ ሥራ ጠራው። እርሷ አርባውን አውጥታ ተከተለችው። አዲስ አበባ ብዙ አልተቀመጠችም። ክረምቱ ሳይገባ ጥቁሯን እንደለበሰች ተመልሳ መጣችና አንድ ቀን ፎቶ ቤቴ ገባች። ሚስቴ ወንበር ሰጠቻት።

«ሠርጌን አሳየኝ» አለችኝ።

«ይቆይ፤ ሌላ ጊዜ» አልኋት።

«አሳየኝ።»

ከፈትሁላት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳትዘል አየች። ያየችው አበባውን ወይም ራሷን አልነበረም። እንዳሰፋላት ትጠይቀኛለች፤ የአጎቷን ፊት፣ የሚዜዎቿን ፊት፣ የባሏን ፊት። አፍንጫዋን ስክሪኑ ላይ ልታስነካው ምንም አልቀራት። ብዙ ከቆየች በኋላ ገባኝ፤ ማን ያውቅ እንደነበር ከፊታቸው ልታገኝ ነበር የፈለገችው።

«ማንም አያስታውቅም» አለች።

እውነቷን ነው። ሁሉም ይስቃል። እኔ ያን ቀን ከሌሎች የባሱትን ፎቶዎች አጥፍቼ ነበር፤ ዓይን የተጨፈነበትን፣ አፍ የጠመመበትን፣ እጅ የጨመደደበትን። ይኸ በማንኛውም ሠርግ የማደርገው ነው። የቀረው የሚያምረው ነው። በዚያ ውስጥ ሐዘን ልፈልግ ብትል አታገኝም።

የቤተሰቡ ፎቶ ላይ ስትደርስ ቆየች።

«እማየ ለምንድን ነው እንዲህ የተጠጉኝ?» አለች።

ሚስቴ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

«ያውቁ ነበር ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ብቻ ነኝ በዚያ ሜዳ ላይ የጨፈርሁት። ሌላው ሁሉ ለቅሶ ላይ ነበር።»

«ላንቺ ብለው ነው» አልሁ።

«አውቃለሁ። ሁሉም እንዲህ ይለኛል። እርሱም እንዲህ ነው የሚለኝ።» ባሏን ማለቷ ነው። «ማታ ማታ አጠገቤ ሲተኛ ፊቱን አያለሁ። አሁንስ ምን እያወቀ ነው የሚስቀው እላለሁ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር እንደት ይኖራል? ጥፋቱ የእርሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን አልቻልሁም።»

የጀልባዋን ፎቶ አላሳየኋትም። ከሌሎቹ ጋር አልነበረችም፤ ለብቻዋ አድርጌያት ነበር። እርሷ ግን አልረሳችም። «ለአባየ ያልሁህ አለች?» አለችኝ። አለች አልኋት። «አጥፋት» አለች። እያየች አጠፋኋት። ከዚያ ተነስታ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። የሠርግ አልበምም፣ ምንም፣ አልወሰደችም።

ጋብቻው በሽማግሌ ፈረሰ። ወደ ጤና ጣቢያውም አልተመለሰችም። እናትየዋ ጎንደር እህታቸው ዘንድ ሄደው ተቀመጡ፤ መተማን ማየት አልችልም ይላሉ አሉ። እናትና ልጅ በስልክ ይነጋገራሉ፤ በዓል በዓል ላይ። የአባቷን እርሻ አጎትየው ሊያርሰው ሞክሮ መንገዱንም ነገሩንም ፈርቶ ተወው። አንድ ዓመት ጦም አደረ። የማይታረስ መሬት ቆላ ላይ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በአንድ ክረምት ሣሩ ሰው ይውጣል።

እኔ እስከ አሁን ሠርግ አነሳለሁ። ሌላ ምን እሠራለሁ። ሚስቴ ጎንደር እንግባ ትለኛለች፤ እዚያም ያው ሠርግ ነው። ሐይቅ ዳር ስቆም፣ ነጩ ወንበር ሲደረደር፣ ሙሽራ ስትስቅ፣ ሳላስበው የዘመዶቿን ፊት እቆጥራለሁ። ማን ጎደለ፣ ማን ስልኩን ይዞ ፈቀቅ አለ፣ እላለሁ። ብዙ ጊዜ ምንም የለም። ሠርግ ብቻ ነው። ደስታቸው ግን ወደ እኔ አይደርስም። ጆሮዬ ላይ ያ ጄኔሬተር አለ።

ባለፈው ኅዳር ለሥራ ኮኪት ሄድሁ። ከደጋ ለአጨዳ የወረዱትን ሠራተኞች ለመታወቂያ ላነሳ ነው። ጨርሼ ስመለስ በአባቷ እርሻ በኩል አለፍሁ። የእርሻው አንድ ጥግ ታርሷል፤ ትንሽ ነው፤ ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ቆሟል። እርሷ የአባቷን የመሰለ ሸሚዝ በጥቁር ቀሚሷ ላይ ደርባ ከጎጃም ከመጡ ሠራተኞች ጋር ትነጋገራለች። ከስታለች፤ ፀሐይ አጥቁሯታል። ስታየኝ መጥታ ሰላም አለችኝ። ውኃ አስመጣችልኝ። ስለ ዝናቡ አወራን፤ ዘንድሮ ዘግይቶ ነው የገባው አለች። ሰሊጡን ስለሚበላው ትልም አወራን።

«እዚህ ብቻሽን አትፈሪም?» አልኋት።

ወደ ሰሊጡ አየች እንጂ ወደ እኔ አላየችም። «የምፈራው ነገር አልቀረኝም» አለች። በጀግንነት አልነበረም የተናገረችው። ዕቃው እንዳለቀበት ባለሱቅ ነበር የተናገረችው።

ሠራተኞቹ ጠሯት። ከመሄዷ በፊት ፀሐይዋን በእጇ ከልላ አየችና «በል ሂድ፤ ሳይመሽብህ፤ መንገዱ ሳይዘጋ» አለችኝ።

የመጣሁበትን ባጃጅ አስነሳሁና ሄድሁ። ስዞር ከነዶዎቹ መሀል ጎንበስ ብላ ነበር፤ ከሠራተኞቹ ለይቼ ላያት አልቻልሁም።